እግር እያየሁ የሠራኋቸው ዓመታት

ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ፊት ቀና ብሎ ማየት ይከብደኛል። ላሊበላ ለሚያድግ ልጅ ይህ ትንሽ ችግር አይደለም። እኩዮቼ እንግዳ ባዩ ቁጥር እየሮጡ ሰላም ሲሉ እኔ ግድግዳ ተጠግቼ የሚያልፈውን እግር አይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የወለቀውን ጫማ አይቼ ውስጥ እነማን እንዳሉ ለእናቴ እነግራት ነበር። እናቴም ለጎረቤት "ይቺ ልጅ መሬት ላይ የጣለችው ነገር አለ፤ እስኪ አፋልጓት" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ይህ ዓይን አፋርነቴ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ተምሬ እንደወጣሁ፣ ለብሔራዊ ቡድኖች ተጫዋች ለሚመለምል ክፍል ረዳት ሆኜ ለመቀጠር ተወዳደርኩ። የክፍሉ አስተባባሪ ጋሽ ወርቁ ይባሉ ነበር። የድሮ ተከላካይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ከታመመ ጀምሮ ቆመው መቆየት አይችሉም። ቃለ መጠይቅ አላደረጉልኝም። ሴቶች ወደሚለማመዱበት ሜዳ ወሰዱኝና አንድ አጋማሽ ያህል ካየን በኋላ ጀርባችንን ለሜዳው አዙረን እንድንቆም አደረጉ።

"ሰባት ቁጥር ፊቷ ምን ይመስላል?" አሉኝ።

"አላየሁም" አልኩ። ላቤ መጣ።

"እግሯስ?"

እሱን ነገርኳቸው። ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ የግራ ጫማዋን ክር ሶሉ ሥር አዙራ ነው የምታስረው፤ ሲደክማት በተረከዟ ማረፍ ትጀምራለች። ጋሽ ወርቁ ወደ ሜዳው ዞረው የሰባት ቁጥርን እግር አዩ።

"ነገ ሥራ ጀምሪ" አሉ። "ፊት የሚያይ ሰው ሞልቶኛል።"

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰኔ፣ ጋሽ ወርቁ ጡረታ ወጡ፤ ክፍላችንም ከሌላ ክፍል ጋር ተቀላቀለ። እኔም መታወቂያዬንና የሰዓት መቁጠሪያዬን አስረክቤ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስፖርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ድሮው ሥራዬ ሲጠይቁኝ አንገቴን ስለምደፋ፣ በአፌ ያልነገርኳቸውን እዚህ ልጽፈው አሰብኩ። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም፤ አበሉም ብዙ ጊዜ እኛ ከመንገድ ከተመለስን በኋላ ነበር የሚደርሰው። የሚወራው ሌላ ነው።

ሥራችን ሁለት እግር ነበረው። አንደኛው አገር ውስጥ ያሉ ልጆችን ማግኘትና ማሳደግ ነው። ሁለተኛው በውጭ አገር የተወለዱ፣ ዘራቸው ከዚህ የሆነ ተጫዋቾችን ፈልጎ ማምጣት። ሰዎች በሁለቱ መካከል ጸብ ያለ ይመስላቸዋል። አንዳንዱ "የውጭዎቹ ይምጡና ያድኑን" ይላል፤ ሌላው "የኛዎቹ ሜዳ አጥተው እዚያ ያደገችውን ምን አስፈለገን" ይላል። ጋሽ ወርቁ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ "ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው፤ ማሊያው ግን አሥራ አንድ ነው" ብለው ወሬውን ይዘጉት ነበር።

የአገር ውስጡን ሥራ ከርሳቸው የተማርኩት በበዓል ቀን መቁጠሪያ ነው። ላስታ ውስጥ ልጅ ሜዳ ላይ የሚገኘው ሞፈርና ቀንበር ሲሰቀል ነው። ስለዚህ ጋሽ ወርቁ ጉዞ ሲያወጡ የውድድር ፕሮግራም ሳይሆን የሚካኤልን፣ የማርያምን፣ የጊዮርጊስን ቀን ይዘው ነበር። በሥራ ቀን ሄደን ልጅ አምጡልን ብንል ጎበዙን ሳይሆን ሥራ የፈታውን ነው የሚያመጡልን ይላሉ። በበዓል ቀን ግን ሁሉም አለ። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ባለችው ብልባላ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ያለው የታጨደ ማሳ ላይ ሴቱም ወንዱም ይጫወታል።

ሜዳው እንደደረስን ጋሽ ወርቁ የቀኝ ኪሳቸውን የሽምብራ ቆሎ ይሞሉታል። ከሜዳው መሐል አይቀመጡም፤ ጥግ ላይ፣ ግቡ አጠገብ ነው ቦታቸው። አንድ ልጅ ኳሷ ወደ እሷ ከመምጣቷ በፊት ዞር ብላ ኋላዋን ካየች፣ አንዲት ሽምብራ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ትዛወራለች። ጎል ብታገባ ሽምብራዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። አምስት ሰው ብታታልልም እንደዚያው። "እግሯን እናስተምራታለን" ይሉኛል፤ "ኋላን ማየት ግን ከቤቷ ይዛው ካልመጣች ከየት አባቴ አመጣላታለሁ?" ጨዋታው ሲያልቅ ግራ ኪሳቸውን ይዳስሱና ክብደቱን ይመዝናሉ። ልጆች እያዩ ጽፈው አያውቁም፤ ሲጻፍ ያየ ልጅ ለሚጽፈው ሰው ይጫወታል ብለው ያምናሉ።

እናኑን ያገኘናት እንዲህ ነው። የብልባላ ቄስ ልጅ ናት፤ ተከላካይ። የዚያን ቀን የጋሽ ወርቁ ግራ ኪስ ሞልቶ ፈሰሰ። ወደ ቤቷ ሄደን ለአባቷ ለመምሬ ነገርናቸው።

"ኳስ?" አሉ መምሬ። "እኔ ልጄን ለኳስ ነው ወይ ያሳደግሁ?"

"አይ መምሬ" አሉ ጋሽ ወርቁ። "ለመከላከል ነው። ሰው እንዳይገባ በር ላይ የምትቆም ናት።"

"ይኸማ ድቁና ነው" አሉ መምሬ ፈገግ ብለው። ነገሩ በአንድ ቀን ባያልቅም ከሦስተኛው ጉዟችን በኋላ እናኑ አዲስ አበባ ካምፕ ገባች።

ሊያ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ኖርዌይ ተወልዳ ያደገች አማካይ ናት፤ ግራ እግር። የላከችልንን ቪዲዮ ጋሽ ወርቁ ሽምብራቸውን ይዘው አዩትና በመሐሉ አጥፉልኝ አሉ። ግራ ኪሳቸውን እየዳሰሱ "ይቺ ልጅ ከኋላዋ ዓይን አላት" አሉ። ያን ያህል ተደንቀው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሊያ ለዚህ አገር መጫወት ትፈልጋለች። እናቷ ኖርዌያዊት ናት። አባቷ ዳንኤል ካርቱም የተወለደ፣ በእናቱ ሱዳናዊ ነው። ወደ እኛ የሚያደርሳት አንድ ክር ብቻ ነበር፦ የአባቷ አባት ካሳ። ካሳ በወጣትነቱ ከብልባላ ተነሥቶ ሱዳን ተሻግሮ እዚያው ቀረ፤ ሊያ ሳትወለድ ሞተ። የኛ ሕግ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ የያዘችውን ፓስፖርት ማስረከብ ነበረባት፤ እሱን ገና በመጀመሪያው ደብዳቤዋ "ዝግጁ ነኝ" ብላ ጨርሳዋለች። የቀረው የዓለም እግር ኳስ ሕግ የሚጠይቀው ነው፤ አያቷ በርግጥ እዚህ አገር ምድር ላይ መወለዱ። ላስታን የማውቅ እኔ ስለሆንኩ ማረጋገጡ ለእኔ ተሰጠ።

ብልባላ ሄድን። የመምሬ ሰፈር ሦስት ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። የተናገሩት አጭር ነበር።

"ካሳ የአያ ደምሴ ልጅ ነው። እናቱ እመት ትርንጎ ናት። እዚሁ፣ ያ የምታዪው ቤት ተወለደ።"

ሦስቱም ይህንኑ አሉ፤ ፈረሙም። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ስንመለስ ጋሽ ወርቁ መኪናው ውስጥ የተፈረመውን ወረቀት ደጋግመው ያነቡ ነበር።

"ምነው ጋሼ?"

"እኩል ተናገሩ" አሉ። "ሰው የሩቅ ነገር ሲያስታውስ አንዱ ዝናብ ነበር ይላል፣ ሌላው የለም ፀሐይ ነበር ይላል፣ ይጣላሉ። እነዚህ እንደ ዳዊት እኩል ደገሙት።"

ግን ሰነዱ ሙሉ ነበር፤ አዲስ አበባ ያሉት ኃላፊያችንም ተቀበሉት። ሊያ መጣችና ካምፕ ገባች። ከእናኑ ጋር አንድ ክፍል ደረሳቸው። ልምምዷን ቆሜ ስመለከት የሚሰማኝን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ኳስ ገና ሌላዋ ተጫዋች እግር ሥር እያለች፣ ሊያ ኳሷ ከሁለት ቅብብል በኋላ የምታርፍበት ቦታ ሄዳ ትቆማለች። አሰልጣኟ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች መንፋት ስትረሳ አይቻለሁ። ጋሽ ወርቁ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የቀኝ ኪሳቸውን ሁለት ጊዜ ይሞሉ ነበር።

ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ሊያ የአያቷን ቤት ማየት እፈልጋለሁ አለች። ለዓለም እግር ኳስ ማኅበር የሚሄደው የመጨረሻው ማመልከቻ ገና አልተላከም ነበር። ጋሽ ወርቁና እኔ ይዘናት ብልባላ ገባን። እሷ እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አታውቅምና አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ከዋግ በኩል ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚሄዱ ተሳላሚዎች በብልባላ ያልፋሉ። የአያ ደምሴ ቤት ከመንገዱ ዳር ነው። ደጃፉ ላይ ገበቴ ቀርቦ፣ ውሃ ሞቆ፣ የቤቱ ሰዎች የተሳላሚውን እግር ያጥባሉ። እግር ማጠብ በላስታ የተለመደ ነው፤ ይህ ቤት ግን ከሁሉም ቤት ቀድሞ ጀምሮ ከሁሉም በኋላ እንደሚያበቃ ሰምቼ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ገበቴው አጠገብ የተቀመጡት እማሆይ ትሩፋት የአያ ደምሴ ልጅ፣ የካሳ እኅት ናቸው። መንኩሰው ብዙ ዘመን የቆዩ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት። ሊያን አቅርቤ ማን እንደሆነች ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ሊዳስሱ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ ታች ጎንበስ አሉ።

"በምን መጣች?"

"በመኪና ነው እማሆይ።"

"ቢሆንም ጫማዋን ታውልቅ። እግሯን ሳላጥብ አላናግራትም።"

ሊያ ተቀመጠች። እኔ ውሃ አፈሳለሁ፤ እማሆይ ያጥባሉ። በግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ፤ የግራ አውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሮ ግማሹ ወድቋል። የኳስ ተጫዋች እግር ነው። እማሆይ ጣቷን አንድ በአንድ አጥበው በነጠላቸው አደረቁትና እንደ ሥርዓቱ ሳሙት። ከዚያ እኛን ብቻ ወደ ቤት ይዘው ገቡ። ጋሽ ወርቁ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቀሩ።

"አባቴ ሲያርፍ አንድ ቃል አስሮብኝ ነበር" አሉ እማሆይ። "'የካሳ ደም መጥቶ እግሩን ካጠብሽለት ንገሪው፤ ለሌላ ሰው ግን ግዝት ነው' አለኝ። ካሳ ሄዶ ሳይመለስ ሞተብኝ። እንግዲህ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ልጄ፣ አንቺ አስተርጓሚዋ፣ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት።"

እንዲህ አሉ። በአንድ የገና ሰሞን ከተሳላሚዎች ጋር አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ እዚህ ደጃፍ ደረሰች። ታማ ነበር። እግሯን አጠቧት፤ አስገቧት። አገሯን ሳትናገር፣ የክርስትና ስሟን እንኳ ሳትነግራቸው በሌሊት አረፈች። አብረዋት የመጡት በመንገድ ያገኟት እንጂ የሚያውቋት አልነበሩም። እመት ትርንጎ ያኔ አራስ ነበሩ፤ እማሆይ ትሩፋትን ወልደው።

"አንዱን ጡት እኔ፣ ሌላውን እሱ ጠባን" አሉ እማሆይ። "አባቴም እንደ ጡት ልጅ ወግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት አላሰው፤ ልጄ ነው አለ። ካህኑም ካሳ ከዚህ ቤት አልተወለደም ያለ የተለየ ይሁን ብለው ገዘቱ። ከዚያን ቀን ወዲያ ከዚህ አገር ሰው አንድም አፉን አልከፈተም። ካሳም ራሱ አያውቅም ነበር።"

አንድ መንደር ሙሉ፣ ስንት ሠርግ፣ ስንት የመሬት ክርክር፣ ስንት የገበያ ጸብ ሲያልፍ፣ ሰው ተናዶ ሲሰዳደብ እንኳ ይህቺን አንድ ቃል አላወጣም። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ሆኜ አልሰማሁም። ያ ዝምታ ከላሊበላ ሕንጻ ሁሉ በላይ አስደነቀኝ። ወዲያው ደግሞ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ካሳ የት እንደተወለደ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም ማለት ነው። የዓለም እግር ኳስ ሕግ ደግሞ የትውልድ ቦታ ይላል፤ ማርን አያውቅም።

አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። ሊያ ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት።

"ይህን አሁን የሚያውቀው ማን ነው?" አለች።

"እሳቸው፣ አንቺ፣ እኔ። ሽማግሌዎቹ አይናገሩም።"

"ወጥቼ ምንም ባልልስ?"

"ትጫወቻለሽ" አልኳት። እውነቱ ይኸው ነበር። ከዚያ እግሯን ማየት ጀመርኩ። የእግሯ ጣቶች መሬቱን ጨብጠው ይዘውታል።

ሊያ እማሆይን እንድጠይቅላት አዘዘችኝ። "ሴትየዋ የት ናት?"

"እቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ፣ ወይራው ሥር" አሉ እማሆይ። "ስሟን ስላላወቅን ካህናቱ 'ያቺን እንግዳ' እያሉ ያስቧታል። ለሷ ብለን ነው እግር የምናጥበው። ምናልባት የሚያውቃት ይመጣ እንደሆን ብለን።"

ወደ ወይራው ሄድን። ድንጋይ ክምር ብቻ ነው፤ ጽሑፍ የለውም። ሊያ ቆማ ቆየች። ጋሽ ወርቁ ነገሩን ሳያውቁ በጉልበታቸው እያነከሱ ከኋላችን ደረሱ። ሊያ ወደሳቸው ዞረችና እየተረጎምኩላት እሷው ነገረቻቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በመጨረሻም እንዲህ አለች።

"ማመልከቻው ላይ የአያቴ እናት ሌላ ሴት ናት ተብሎ ተጽፏል። እዚያ ላይ ብፈርም ይህችን ማንም አይፈልጋትም። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ያለኝ ደም እሷ ናት።"

ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ቀኝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። አንዲት ሽምብራ አወጡና ወደ ግራ ኪሳቸው አዛወሩ።

እማሆይ ዘንድ ስንመለስ ሊያ ሌላ ነገር አስጠየቀችኝ። "ታዲያ እኔ የማን ነኝ?"

እማሆይ ጥያቄው ራሱ የገረማቸው መሰሉ። "አያትሽ የላሰው ማር ላንቺም ይተርፋል" አሉ። "አሁን ምሳ ብዪ።"

በሥራ ዘመኔ የከበደው ቀን ማግስቱ ነበር። ኃላፊያችን ስልክ ላይ ሲጮሁ ድምፃቸው ከጋሽ ወርቁ ጆሮ አልፎ እኔ ጋ ይደርስ ነበር።

"ሦስት ሽማግሌ ፈርሟል! ምን ጎደለ?"

"እናት ጎደለች" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ተጫዋች አምጡ አልኩ እንጂ መቃብር ቆፍሩ አልኳችሁ?"

"ስንቆፍር አልነበረም ጌታዬ። እግር ስናጥብ ነው የተገኘው።"

ማመልከቻው ተሰረዘ። የብዙ ወር ሥራችን፣ በእሷ ዙሪያ የተሠራው የመሐል ሜዳ፣ ሁሉም ፈረሰ። ቡድኑ ቀጣዩን ውድድር ተሸነፈ፤ ያቺን ጨዋታ አሁንም ሳስታውስ ከሁለት ቅብብል በኋላ ኳሷ የምታርፍበት ቦታ ባዶውን ይታየኛል። ሰዎች የኛን ክፍል ይወቅሱ ነበር፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገርንም። የሰነድ ጉድለት አልን። ግዝቱን እኛም ተጋርተን ኖርን ማለት ነው፤ ዛሬ የምጽፈውም እማሆይ ፈቅደውልኝ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኛት ሊያ ሌላ መንገድ የለም ወይ ብላ ጠየቀች።

"አለ" አሉ ጋሽ ወርቁ። "መኖር ነው። እዚህ የተወለደ አያትም ወላጅም የሌለው ሰው፣ አዋቂ ከሆነ በኋላ አምስት ዓመት አገሩ ላይ ከኖረ ሕጉ ይቀበለዋል። ከዚያ ደግሞ ዜግነት መጠየቁ አለ። ረጅም ነው። እኔ በበኩሌ ከአውሮፓ መጥቶ ያደረገው ሰው አላየሁም።"

ተረጎምኩላት። ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። እናኑ ካምፑ ውስጥ የሊያን አልጋ ለረጅም ጊዜ ሌላ ሰው አላስተኛችበትም፤ ዛሬ በብሔራዊ ቡድኑ የኋላ መስመር ቋሚ ናት።

ጋሽ ወርቁ በጡረታቸው ሽኝት ላይ ንግግር አድርጉ ሲባሉ እምቢ አሉ። ለእኔ ግን ቀኝ ኪሳቸውን ገልብጠው ሽምብራውን እጄ ላይ ዘረገፉልኝ። "ፊት ማየቱንም ቀስ ብለሽ ጀምሪው" አሉኝ።

ወደ ላሊበላ ከተመለስኩ ወዲህ የገናን ሰሞን ብልባላ ነው የማሳልፈው። እማሆይ ትሩፋት ጎንበስ ማለት ስላቃታቸው አጠገቤ ተቀምጠው ተሳላሚውን "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይላሉ፤ የማጥበው እኔ ነኝ። ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነው። ማንንም ቀና ብዬ ማየት የለብኝም። የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ እሾህ የወጋው፣ የጎማ ጫማ የላጠው፣ ከዋግ እስከዚህ አቧራ የለበሰ እግር ተራ በተራ ገበቴው ውስጥ ይገባል።

ባለፈው ገና፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ እግር ገባ። አቧራው እስከ ባቱ ነው። ውሃውን አፈሰስኩ፤ አቧራው ሲወርድ በግራ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠባሳ ወጣ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ግማሹ የለም።

እጄ ቆመ። ከዚያ ቀና አልኩ፤ ሳልፈራ።

ፀሐይ ያቃጠላት፣ ነጠላ የተከናነበች፣ ከንፈሯ የተሰነጣጠቀ ልጅ ናት። ከሰቆጣ ጀምራ ከተሳላሚዎቹ ጋር በእግሯ ነው የመጣችው፤ ያቺ ሴት በመጣችበት በኩል። በጀርባዋ ትልቅ ሻንጣ፣ ሻንጣው ላይ የተንጠለጠለ ታኬታ ጫማ አለ።

"እማሆይን ጠይቂልኝ" አለች። በአማርኛ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። "የምኖረው አምስት ዓመት ከየት ይቆጠራል? ከላሊበላ ወይስ ከዚህ?"

መተርጎም አላስፈለገኝም። እማሆይ ድምፁን ሰምተዋል። እጃቸውን ዘርግተው ውሃ ውስጥ ያለውን እግር ፈለጉና ያዙት።

"ያቺ እንግዳ ከደከመችበት ይቆጠር" አሉ።